ዓይናቸው በመርፌ የተወጋ አራት ጣልያኖች

ጣልያኖች በ1928ቱ ወረራ ከጠመንጃ ቀጥሎ አብዝተው ይዘውት የመጡት ዕቃ ካሜራ ይመስለኛል። መንግሥታቸው ሉቼ የተባለውን የፊልምና የፎቶግራፍ ተቋም ከነባለሙያዎቹ አዘመተ። ተራው ወታደርም በበኩሉ ትንሽ ካሜራውን በኮሮጆው ከትቶ መጣና የተሻገረውን ወንዝ፣ የሰፈረበትን ኮረብታ፣ ያረደውን በግ ሁሉ እያነሣ ለእናቱና ለእጮኛው ላከ። ከነዚያ አልበሞች ብዙዎቹ ባለቤቶቻቸው ካለፉ በኋላ ከየቤቱ ወጥተው ጣልያን አገር ውስጥ በአሮጌ ዕቃ ገበያ በየገጹ እየተገነጠሉ ሲሸጡ ኖረዋል።

በእኛ ወገን ያለው ፎቶግራፍ ጥቂት ነው፤ ከዚያም አብዛኛውን ያነሡት የውጭ አገር ጋዜጠኞች ናቸው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ በቦምብ ተደበደበች። ጃንሆይ ደሴ ላይ እግራቸውን ባልፈነዳ ቦምብ ላይ አሳርፈው የተነሡትን ሥዕል ያላየ ሰው መቼም ጥቂት ነው። ቦምቡ አለ፤ ቦምቡን የጣለው አውሮፕላን ግን በሥዕሉ ውስጥ የለም። ከአናቱ በላይ ቦምብ የሚወርድበት ሰው ይሮጣል እንጂ ካሜራ አያነጣጥርም። ስለዚህ ቅድመ አያቶቻችንን የደበደበውን አውሮፕላን በቅርብ ማየት የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው ደብዳቢዎቹ ራሳቸው ወደ ሜዳቸው ተመልሰው፣ ፊታቸውን ታጥበው፣ ከክንፉ ሥር ተሰልፈው የተነሡትን ነው።

ከዚህ ዓይነቱ ፎቶግራፍ አንዱ በእኛ ቤተሰብ እጅ ይገኛል። ከመጫወቻ ካርታ ጥቂት ከፍ የሚል፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ የተሸረከተ፣ ወደ ቡናማ ያደላ ወረቀት ነው። አራት ነጮች ከአንድ ባለ ሦስት ሞተር አውሮፕላን ፊት ቆመዋል። በግራ ዳር፣ በክንፉ ጥላ ውስጥ፣ አንድ ሌላ ሰው አለ፤ ስለ እርሱ ኋላ እመለስበታለሁ። የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ደሴን ከጣልያን እጅ ሲያስለቅቁ አያቴ (ወንዱን ማለቴ ነው) ባለቤቱ ጥሎት ከሸሸ ቤት አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ይዘው ወጡ። ሣጥኑ ውስጥ ምስማር፣ ሁለት የሸክላ ሲኒና ይህ ፎቶግራፍ ነበሩበት። ምስማሩ ቤት ሠራ፤ ሲኒዎቹ ተሰበሩ፤ ፎቶግራፉ ቀረ።

ሴቷ አያቴ ወደዚያ ቤት በትዳር ሲገቡ ሥዕሉን አገኙት። አክስቴ እንደሚሉት፣ አያቴ መጀመሪያ ያዩት ነጠላ እየጠለፉ ሳለ ነው፤ ምንም ሳይናገሩ በእጃቸው በነበረው መርፌ የአራቱንም ሰዎች ዓይን እየለዩ ወጉት። ወረቀቱን ወደ መስኮት ከፍ አድርጎ የያዘው ሰው ብርሃን የሚያሳልፉ ስምንት ቀዳዳዎች ይቆጥራል። አውሮፕላኑን አልነኩትም።

የአያቴ አባት ማይጨው ዘምተው አልተመለሱም። አብሯቸው የዘመተ ጎረቤት ተመልሶ ለቤተሰቡ የተናገረው ይህን ብቻ ነው፦ ከማይጨው ሲያፈገፍጉ፣ በሆሳዕና ዋዜማ፣ አሸንጌ ሐይቅ ዳር ውኃ ሊጠጡ እንደወረዱ አውሮፕላን መጣ፤ ከዚያ በኋላ አላያቸውም። መቃብር የላቸውም። ተዝካራቸው ያለ አስከሬን ወጣ። ፎቶግራፍ የሚባል ነገር ተነሥተው አያውቁም።

ይህ ሁሉ በቤተሰቡ ውስጥ ተከብሮ ተቀምጦ ይኖር ነበር። ነገሩን የቀሰቀሰው የአክስቴ ልጅ ነው። ደሴ ውስጥ የታሪክ መምህር ነውና ተማሪዎቹ ለሚያዝያ 27 የድል በዓል በሚያዘጋጁት ኤግዚቢሽን ላይ ሥዕሉን አስፋፍቶ ሊሰቅለው አሰበ። ከሥሩ የሚጻፈውንም አዘጋጅቷል፦ “ቅድመ አያታችንን የገደለው አውሮፕላንና ሠራተኞቹ።” በጋዜጣና በመጽሔት ስሠራ ስንት የፎቶግራፍ መግለጫ እንደጻፍኩ ስለሚያውቅ አማርኛውን እንዳቃናለት ላከልኝ። አማርኛው የሚቃና ነገር አልነበረውም። ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ከሥዕል ሥር የተጻፈ አንድ መስመር በሃያ ዓመት ውስጥ እንዴት የማይነቀነቅ እውነት እንደሚሆን አይቻለሁ፤ ሰው ሥዕሉን ይመለከታል፣ ጽሑፉን ግን ያምናል። እንግዲህ መጀመሪያ አውሮፕላኑ ምን እንደሆነ፣ ቀጥሎም ሰዎቹ እነማን እንደሆኑ ልመርምር አልኩና ስድስት ኪሎ፣ ወደ ኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት ወጣሁ።

አንድን አውሮፕላን ከአሮጌ ፎቶግራፍ ለመለየት ሥራው የሚጀመረው በመቁጠር ነው። ሞተሩ ስንት ነው? ክንፉ ከሰውነቱ በላይ ነው ወይስ በታች? እግሩ ራቁቱን ነው ወይስ ለብሷል? ጭራው ላይ ምን ተሥሏል? ገበሬ የጠፋበትን በሬ በቀንዱና በሻኛው እንደሚለየው ነው። የእኛው ሦስት ሞተር አለው፤ አንዱ አፍንጫው ላይ፣ ሁለቱ ከክንፉ ጋር። በዚህ ብቻ ለቅኝት ይጠቀሙባቸው የነበሩት ባለ አንድ ሞተርና ባለ ድርብ ክንፍ ሮሜዎዎች ወደቁ፤ ባለ አንድ ሞተሩ ካፕሮኒ 111ም ወደቀ። ክንፉ ከሰውነቱ በላይ የተቀመጠ ነው። ስለዚህ ክንፉ ከታች የሆነው፣ ጣልያኖቹ “ሌሊት ወፍ” የሚሉት ሳቮያ 81 አይደለም።

የቀሩት ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፤ ካፕሮኒ 101 እና ካፕሮኒ 133። ሁለቱም ኢትዮጵያ ሰማይ ላይ በርረዋል፤ ሁለቱም ባለ ሦስት ሞተርና ባለ ከፍተኛ ክንፍ ናቸው። እዚህ ላይ ነው ዓይን የሚፈተነው። የ101ዱ ሞተሮች እንደ አበባ ቅጠል ዙሪያቸውን የተዘረጉት ሲሊንደሮች ይታያሉ፤ ጎማዎቹም በቀጫጭን የብረት እግሮች ላይ ናቸው። ታናሹ 133 ሞተሮቹ በክብ ቆርቆሮ ተሸፍነዋል፤ እግሮቹም ሰፊ ሱሪ የለበሱ ይመስላሉ። በእኛ ሥዕል ላይ ከአራቱ ሰዎች አንደኛው ክንዱን ያሳረፈው በዚሁ የቆርቆሮ ሱሪ ላይ ነው። ካፕሮኒ 133 ነው፤ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ21 ሜትር ጥቂት የሚያልፍ፣ አጥንቱ የብረት ቧንቧ፣ ልብሱ ቆርቆሮና ሸራ። ወታደሮቹ “ላሚቱ” የሚል ቅጽል ስም ሰጥተውት ነበር። ቅጽል ስሙን ለአክስቴ ስነግራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

አንድ ጥርጣሬ ቀርቶ ነበር። ካፕሮኒ 133 በ1928 ብቻ አይደለም የበረረው፤ በ1932ም እንግሊዞች ጦርነቱ ውስጥ ሲገቡ ጣልያኖች ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ አሁንም በእርሱ ይጠቀሙ ነበር። ፎቶግራፉ የተገኘው በ1933 ነውና የመጨረሻዎቹ ዓመታት ቢሆንስ? መልሱ ጭራው ላይ ተገኘ። እ.ኤ.አ. እስከ 1940 ድረስ የጣልያን ጦር አውሮፕላኖች ጭራ በሰንደቅ ዓላማቸው ሦስት ቀለም ቁልቁል የተቀባ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ሦስቱ ቀለማት ቀርተው የሳቮያ ነገሥታት ነጭ መስቀል ገባ። በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ አረንጓዴውና ቀዩ ሁለቱም ይጠቁራሉ፤ በእኛም ሥዕል ላይ ጠቆር፣ ነጣ፣ ጠቆር ብለው የቆሙ ሦስት ሰንበሮች በአጉሊ መነጽር ጥርት ብለው ይታያሉ። መስቀል የለም።

ከዚህ በኋላ ነው ፎቶግራፉን ገልብጬ ጀርባውን በጥሞና ያነበብኩት። ቤተሰቡ ጀርባው ላይ “የጣልያን ጽሕፈት” እንዳለ ያውቃል፤ ያነበበው ግን አልነበረም። በእርሳስ የተጻፈ ነው። የመቀሌ ስም በጣልያንኛ፣ ቀጥሎ ፋሲካ የሚል ቃል፣ ቀጥሎም በሮማውያን አኃዝ አሥራ አራት ይላል። ከሥር አራት ስሞች አሉ፤ የአባት ወይም የቤተሰብ ስም የላቸውም።

አሥራ አራት የወሩ ቀን አይደለም። ሙሶሊኒ ሮማን ከያዘበት ከእ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1922 ጀምሮ ፋሽስቶቹ የራሳቸውን ዘመን ይቆጥሩ ነበር፤ በሮማውያን አኃዝም ይጽፉት ነበር። አሥራ አራተኛው ዓመት ከኦክቶበር 1935 እስከ ኦክቶበር 1936 ያለው ነው። በዚያ ውስጥ ያለው ፋሲካ አንድ ብቻ ነው፤ ኤፕሪል 12 ቀን 1936። ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሰው ሚያዝያ 4 ቀን 1928 ሆነ። ባሕረ ሐሳቡን የሚያውቁ አንድ ቄስ ስጠይቅ ያ ቀን የእኛም ትንሣኤ ነበር አሉኝ። በብዙ ዓመት የሚለያዩት ሁለቱ ፋሲካዎች በዚያ ዓመት አንድ ቀን ውለዋል።

እዚህ ላይ ብርድ ብርድ አለኝ። ሁለቱ ፋሲካዎች አንድ ቀን ከዋሉ ሆሳዕናውም አንድ ነው፤ መጋቢት 27። የሆሳዕና ዋዜማ መጋቢት 26 ነው፤ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 4 ቀን 1936። የማይጨው ጦርነት የተካሄደው መጋቢት 22 ነው። የጦር ታሪክ ጸሐፊዎች ወደ ኋላ ይመለስ የነበረው የጃንሆይ ጦር አሸንጌ ሐይቅ አካባቢ በቦምብና በመርዝ ጋዝ ክፉኛ የተመታበት ብለው የሚጽፉት ቀን ይኸው መጋቢት 26 ነው። ማንበብና መጻፍ የማያውቅ አንድ የወሎ ገበሬ በበዓል አስታውሶ ለአንዲት መበለት የተናገረው ቀን፣ እርሷም ለልጇ፣ ልጇም ለልጆቿ ያስተላለፉት ቀን፣ አንድም ሳይዛነፍ ከጦር መዝገቡ ጋር ገጠመ። ለእኔ የዚህ ሁሉ ምርመራ ትልቁ ፍሬ ይህ ነው፤ አውሮፕላኑ ሁለተኛ ነው። የቃል ታሪክ እየተባለ በምሁራን ዘንድ በጥርጣሬ የሚታየው ነገር አንዳንዴ እንዲህ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ፎቶግራፉ እንግዲህ የተነሣው ከዚያ ቀን በኋላ በስምንተኛው ቀን፣ ከአሸንጌ በአየር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከምትርቀው መቀሌ ነው። አውሮፕላን ለዚያ ርቀት አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅበትም።

ይህን ለመምህሩ ስነግረው ደስታውን አልቻለም። “በቃ! እነሱ ናቸዋ!” አለኝ በስልክ። በዚህም አላበቃም። በአንደኛው ፓይለት ትከሻ ጀርባ፣ በአውሮፕላኑ አፍንጫ ላይ፣ የሆነ ምልክት ግማሹ ተሸፍኖ ይታያል፤ የተጣመሩ ሁለት መስመሮች ይመስላል። እርሱ የራስ ቅልና አጥንት ነው ባይ ነው። የራስ ቅል ምልክት የነበረው ስኳድሮን ደግሞ የሙሶሊኒ አማች ጋሌያትሶ ቻኖ ያዝዘው የነበረው “ዲስፔራታ” ነው፤ መስከረም 22 ቀን 1928 ጦርነቱ ሲጀመር አድዋን ከደበደቡት አንዱ። “ከሁለቱ አንዱ ቻኖ ቢሆንስ?” አለኝ።

አይደለም። ቻኖ በዘመኑ ከሙሶሊኒ ቀጥሎ ፎቶግራፍ የበዛለት ሰው ነው፤ ጆሮውን፣ የፀጉሩን መስመርና አገጩን ከአሥር ሥዕል ላይ አስተያየሁ። አያቴ የወጉት ዓይኑን ነው እንጂ ጆሮውን አይደለም። የሙሶሊኒ ልጆች ቪቶሪዮና ብሩኖም አይደሉም፤ ጦርነቱ ሲጀመር አንዱ የ19፣ ሌላው የ17 ዓመት ልጆች ነበሩ፤ የእኛዎቹ ፓይለቶች ግን ግንባራቸው የገለጠ ጎልማሶች ናቸው። ለነገሩ ይህ ታላላቅ ስም የመፈለግ ነገር የብዙዎቻችን በሽታ ነው። የተገደለው ሰው ስሙ የማይታወቅ ተራ ዘማች ሲሆን ገዳዩ ቢያንስ የታወቀ ሰው እንዲሆንለት እንሻለን፤ ሞቱ የሚከብርለት ይመስለናል። ቻኖ እንደሆነ በራሱ ወገኖች ተፈርዶበት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1944 ቬሮና ላይ ተረሸነ። የእኛዎቹ አራት ሰዎች ምናልባት አርጅተው፣ የልጅ ልጅ አይተው ሞተዋል።

ከሥዕሉ ስለ ሰዎቹ የሚነበበው ይህ ነው። ሁለቱ ደረታቸው ላይ የፓይለት ንስር አላቸው። ሦስተኛው ሙሉ ቱታ ለብሷል፤ እጁ እስከ ክርኑ ድረስ በዘይት የጠቆረ ሞተረኛ ነው። አራተኛው ባዶ ራሱን ቆሞ የቆርቆሮ ኩባያ ይዟል፤ ከሁሉም በዕድሜ የሚያንሰው እርሱ ነው፤ እየሳቀ ነው። ካፕሮኒ 133 በሦስትና በአራት ሰው የሚበርር ነውና ቁጥሩ ልክ ነው።

ነገር ግን አውሮፕላኑን ማወቅ ሥራውን ማወቅ አይደለም። ይህች “ላም” ቦምብ ትጥላለች፤ እንዲሁም ወታደር ታመላልሳለች፣ ቁስለኛ ትጭናለች። በአፋር በረሃ ለሚጓዘው የጣልያን ጦር በጃንጥላ ስንቅና ውኃ ጥላለታለች፤ ከነሕይወቱ የሚታረድ ከብት እንኳ ወርዶለታል። በዚያው የፋሲካ ሰሞን ወደ ደሴ ይገሠግሥ የነበረው ጦር ሚያዝያ 7 ከተማዋን እስኪይዝ ድረስ ስንቁ በአየር ነበር የሚወርድለት። ሳቂታው ልጅ በዚያ ሳምንት የጣለው ዱቄት ይሁን ወይስ ሰናፍጭ ጋዝ፣ ኩባያውን አይቶ የሚፈርድ የለም።

የሚፈርድ ወረቀት ግን አለ። ሮማ የተማረ አንድ ወዳጄ እንዳስረዳኝ፣ የጣልያን አየር ኃይል የታሪክ ክፍል የየስኳድሮኑን የዕለት መዝገብ ይዟል፤ ማን በረረ፣ በስንት ሰዓት ተነሣ፣ ምን ጫነ፣ የት ጣለ። መዝገብ ምን ያህል እንደሚሠራ ደግሞ በጋዙ ጉዳይ ታይቷል። በወጣትነቱ በዚህ ጦርነት የዘመተው ስመ ጥሩ ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ ለብዙ ዓመታት “ጋዝ አልተጣለም፤ እኔ እዚያው ነበርኩ” እያለ ሲሟገት ኖረ። ታሪክ ጸሐፊው አንጄሎ ዴል ቦካ የራሳቸውን የጣልያኖቹን ቴሌግራምና መዝገብ እየጠቀሰ ሞገተው። እ.ኤ.አ. በ1996 የጣልያን መከላከያ ሚኒስትር ጋዝ መጣሉን በይፋ አመኑ፤ ሞንታኔሊም መሸነፉን ተቀበለ። ጃንሆይ ግን ይህንኑ በ1928 ሰኔ ወር ጄኔቭ ላይ ቆመው ተናግረውት ነበር፤ አውሮፕላኖቹ እየተከታተሉ ጋዙን እንደ ጉም እንደረጩት ሳይቀር። የእኛ ቃል ስልሳ ዓመት ቆሞ የእነርሱን ወረቀት ጠበቀ።

ወዳጄ የፎቶግራፉን ቅጂ ወስዷል። የአፍንጫው ምልክት የየትኛው ስኳድሮን እንደሆነ ከታወቀና አራቱ ስሞች መጋቢት 26 ላይ ከተገኙ መምህሩ የጻፈው መግለጫ እንዳለ ይሰቀላል፤ እኔው ራሴ እሰቅለዋለሁ። እስከዚያ ድረስ ግን “ገደለ” የሚለውን ግስ ማስገባት የለብንም ብዬ ተከራከርኩ። የመጨረሻው ጽሑፍ ይህ ሆነ፦ “ካፕሮኒ 133፣ መቀሌ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የትንሣኤ ዕለት። ቅድመ አያታችን አሸንጌ ዳር በአውሮፕላን ከተደበደቡ ከስምንት ቀን በኋላ የተነሣ።” ከዚህ ቀጥሎ የቅድመ አያታችን ሙሉ ስም እስከ አያታቸው ድረስ ይጻፋል። የጣልያኖቹን የመጀመሪያ ስሞች አላስገባንም። መምህሩ ጽሑፉ ጥርስ የለውም ብሎ አኩርፏል። እኔ ግን ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን ያነበበ ተማሪ ግሱን ራሱ ያመጣዋል ባይ ነኝ።

አክስቴን ይበቃቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። “የእናቴ ቃል ልክ ነበር አይደል ያልሽኝ? ቀኑ?” አሉኝ። አዎ አልኳቸው። “እንግዲያ በሆሳዕና ዋዜማ ነው የምናስበው፤ እስከ ዛሬ በፍልሰታ ስናደርገው ኖረናል።” ስለ ስኳድሮኑ አልጠየቁኝም።

ከዚያ ፎቶግራፉን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ያዙት። በክንፉ ጥላ ውስጥ ያለው አምስተኛው ሰው ልጅ ነው፤ ከአሥራ ሦስት ዓመት አይበልጥም። ባዶ እግሩን ነው፤ በሁለት እጁ ባልዲ ይዟል። ትግሬ ይሁን ኤርትራዊ ከልብሱ አይለይም። ከጀርባው የተጻፉት ስሞች አራት ስለሆኑ ያነሣው ሰው አልቆጠረውም። “ይኸን አልወጋችውም” አሉ አክስቴ፤ አውራ ጣታቸውን ከልጁ አጠገብ አኑረው። “የማን ልጅ ይሆን? እናቱ ታውቅ ይሆን እዚያ እንደቆመ?”

መምህሩ ሥዕሉን ሲያስፋፋ ልጁ ያለበትን ዳር ሊቆርጠው ነበር፤ ጥላ ስለሆነ አይወጣም በሚል። እንዳይቆርጠው ነግሬዋለሁ።